ዝንቧ በምን አወቀችው? የአንድ ረጅም ክር ወግ

ክር የምለው በኢንተርኔት መወያያ ላይ ከአንድ ጥያቄ ሥር በቁጥር ተከታትለው የተጻፉ መልሶችን ነው። ይህን ክር የከፈተው ሰው ዝንብ ተጠቂዋን በምን ታገኛለች የሚለውን ነገር በጥያቄ መልክ ያቅርበው እንጂ መልሱን ቀድሞ ጨርሷል። በሌላ ነፍሳት ሰውነት ውስጥ አድገው በመጨረሻ ተጠቂውን የሚገድሉ ዝንቦች አሉ። ታኪኒድ የሚባለው ቤተሰብ ብቻውን ከ8,000 በላይ የታወቁ ዝርያዎች አሉት። የሰውየው ሙግት አጭር ነው። ዝንብ የጭንቅላቷን ግማሽ የሚሞላ ዓይን ተሸክማ የምትዞር ፍጡር ናት፤ ታያለች፣ ትጠጋለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ በቃ። ሽታ እየመራት ትመጣለች የሚባለው እንደነሱው ሌላ ነፍሳት ውስጥ ከሚያድጉ ተርቦች ጥናት ላይ ተገልብጦ የመጣ ወሬ ነው። ለዝንብ ማስረጃ ያለው ካለ ወዲህ ይበል። ሲጨርስ አንባቢዎቹን ሁሉ በትህትና አመሰገነ። ትህትናው ብዙ አልቆየም።

መልስ ቁጥር 1 ተስማማ፣ ሳያነብ ይመስለኛል። ቁጥር 2 ክሩን ለመከታተል ነጥብ ብቻ አስቀምጦ ሄደ።

ጨዋታው የተጀመረው ቁጥር 3 ላይ ነው። ጸሐፊዋ ከአጻጻፋቸው አስተማሪ ይመስላሉ፤ የክሩን ባለቤት እርስዎ እያሉ፣ አንድም ቦታ ሳይቆጡ፣ ሙግቱን ከሥሩ ነቀነቁት። ሲነኩት የሚከረፋ አረንጓዴ የተክል ትኋን አለ፤ ኔዛራ ቪሪዱላ ይባላል። ወንዱ ሴቷን የሚጠራው ፌሮሞን የተባለ የመልእክት ሽታ በመልቀቅ ነው። ጥሪው ለሴቷ የተላከ ቢሆንም ትሪኮፖዳ ፔኒፔስ የተባለች ዝንብም ትጠልፈዋለች። ሆዷ ብርቱካናማ ነው፤ የኋላ እግሮቿ ላይ ጥቁር ጸጉር ጥቅጥቅ ብሎ ተደርድሯል። ትኋኑን ስታገኝ እንቁላሏን ቆዳው ላይ ለጥፋ ትሄዳለች። እንቁላሉ ነጣ ያለ ሞላላ ነጥብ ነው፤ መነጽር ሳያስፈልግ በዓይን ይታያል። እጩ ሲፈለፈል ከዚያው ከእንቁላሉ ሥር ቆዳውን በስቶ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ከዚህ በኋላ እመቤቲቱ ቁልፏን ጥያቄ አነሱ። ወንዱና ሴቷ ትኋን መልካቸው ያው ነው። ታዲያ ዝንቧ በዓይኗ ብቻ የምትመራ ከሆነ፣ እንቁላል የተለጠፈባቸው ወንዶች በቁጥር የሚበዙት ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1971 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመ ጥናት ሴቷ ትኋንም ዝንቧም ወደ ወንዱ ፌሮሞን እንደሚመጡ ማሳየቱን አክለው መልሳቸውን ዘጉ።

የክሩ ባለቤት ቁጥር 4 ላይ ለመልሱ አመስግኖ፣ ምናልባት ወንዶቹ ብዙ ስለሚንቀሳቀሱ ጎልተው ታይተው ይሆናል የሚል መከላከያ አቀረበ። መጥፎ መከላከያ አልነበረም። ቁጥር 5 ግን መግቢያ አሳጣው። አንዲት ትኋን የሌለበት፣ በቤተ ሙከራ የተሠራ ፌሮሞን ብቻ የተቀመጠበት ወጥመድ ውስጥ ዝንብ ሲገባ ምን ይባላል? ፖዲሰስ የተባለው አዳኝ ትኋን ፌሮሞን በወጥመድ ሲሰቀል ዩክሊቲያ ፍላቫ የተባለች ታኪኒድ እየመጣች ትያዛለች። የሚታይ ገላ የለም። የሚንቀሳቀስ ነገርም የለም። ያለው ሽታ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ክሩ ሊያልቅ ይችል ነበር። ቁጥር 6 ግን አዲስ በር ከፈተ። ተማሪ መሆኑን የተናገረ ልጅ ነው። ኦርሚያ ኦክራሲያ የምትባለው ዝንብ ክሪኬት የተባለውን ሌሊት የሚጮህ ፌንጣ የምታገኘው በድምፁ መሆኑን አስታወሰ። ወንዱ ክሪኬት ለሴቷ ሲዘፍን ዝንቧ በጨለማ ድምፁን ተከትላ ትመጣና እጮቿን እላዩና አጠገቡ ላይ ትጥላለች። የክሩ ባለቤት በዚህ ደስ አለው። ሽታ እንዳልሆነ ተረጋገጠ ሊል ነው መሰለኝ። ቁጥር 7 አንድ መስመር ብቻ ጽፎ አቀዘቀዘው፤ ጆሮ ዓይን አይደለም።

ቁጥር 8 የሃዋዩን ታሪክ አመጣ። ካዋይ በምትባለው ደሴት ወንዶቹ ክሪኬቶች ከ20 ባነሰ ትውልድ ውስጥ አብዛኞቹ ድምፅ የማያወጣ ክንፍ ይዘው የሚወለዱ ሆኑ። ግኝቱ የታተመው በ2006 ነው። ዝንቧ ዘፋኞቹን እየለቀመች ስትጨርስ የተረፉት ዲዳዎቹ ናቸው። ጸሐፊው ከተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ተረት ጠቅሶ ጨረሰ። ተረቱ እንዲህ ቃል በቃል ሲሠራ አይቼ አላውቅም።

የክሩ ምርጥ መልስ ለእኔ ቁጥር 9 ነው። ጸሐፊው የእሳት ጉንዳን ጎጆ በእንጨት ቆስቁሶ ቁጭ ብሎ የተመለከተ ሰው ነው። ጉንዳኖቹ እየተንጋጉ ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ከነሱ በላይ፣ በሚሊሜትር በሚለካ ከፍታ ላይ፣ አየር ላይ ቆመው የሚንቀጠቀጡ ነጥቦች ታዩት። ፎሪድ ዝንቦች ናቸው፤ ሱዳክቲዮን ከሚባለው ወገን። ርዝመታቸው ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ያ ሁሉ ሲናደፍ የነበረ ጉንዳን ዝንቧን ሲያይ ይደነግጣል። አንዳንዱ ባለበት ድርቅ ይላል፣ አንዳንዱ ይጠቀለላል፣ ምግብ ተሸክሞ የነበረው ጥሎ ይሸሻል። ዝንቧ ከላይ ውርውር ብላ ደረቱን ነክታ ትነሳለች። ሰከንድ አይሞላም፤ በዚያች ቅጽበት እንቁላሉ ገብቷል።

ቀጥሎ የሚሆነውን ሳይሸፋፍን ጻፈው። እጩ ከደረት ወደ ጭንቅላት ይጓዛል። እዚያ ሆኖ ሲያድግ ጉንዳኑ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራውን ይሠራል። በመጨረሻ እጩ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ሥጋ ሁሉ ይበላል። ጭንቅላቱ ተቆርጦ ይወድቃል። እጩ በዚያው ባዶ ቅል ውስጥ ፑፓ ይሆናል፤ ተሸፍኖ ወደ ዝንብ ይለወጣል ማለት ነው። ሲደርስ ዝንቡ በጉንዳኑ አፍ በኩል ብቅ ይላል። ከዚህ በኋላ የመጡ ሁለት መልሶች ምሳ እየበሉ ክሩን በመክፈታቸው የተጸጸቱ ሰዎች ናቸው፤ ቁጥራቸውን ዘለልኩት።

ቁጥር 12 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ዝንቦቹን የጠራቸው የጉንዳኖቹ መራወጥ እንዳልሆነ በምን ታወቀ? ቁጥር 13 ኬሚስትሪውን ዘረዘረው። የእሳት ጉንዳን ሲቆጣ ፓይራዚን የተባለ ወገን ውስጥ ያለ ኬሚካል ይለቃል፤ ለባልንጀሮቹ አደጋ መጣ የሚል መልእክት ነው። መርዙ ውስጥም አልካሎይድ የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ። ተመራማሪዎች ሱዳክቲዮን ትራይከስፒስ የተባለችውን ዝንብ አንቴና የነርቭ ምልክት ከሚለካ ቀጭን ሽቦ (ኤሌክትሮድ) ጋር አገናኝተው ሽታውን ሲነፉባት የአንቴናዋ ነርቭ ይመልሳል። ጉንዳን ሳይኖር ሽታው ብቻ ሲቀርብላትም ወደዚያው ትሄዳለች። ከዚህ ላይ ፓራፖኔራ የተባለውን ጉንዳን የምታጠቃውን ዝንብ ጨመረበት። ጥይት ጉንዳን የሚሉት ይህ ትልቅ ጉንዳን በጠብ ሲቆስል ከመንጋጋው ዕጢ 4-ሜቲል-3-ሄፕታኖንና 4-ሜቲል-3-ሄፕታኖል ይወጣሉ። አፖሴፋለስ ፓራፖኔራ የተባለችው ዝንብ እነዚህን ሁለት ኬሚካሎች ተከትላ ትደርሳለች። የምትፈልገው ጤነኛውን አይደለም፣ የተጎዳውን ነው። የቆሰለ ጉንዳን አይከላከልም።

የክሩ ባለቤት ቁጥር 14 ላይ ተቆጣ። ጥያቄው ስለ ታኪኒዶች ሆኖ ሳለ ፎሪድ እያመጣችሁ ታደናግራላችሁ አይነት ነገር ነው የጻፈው። ሳይንሱን ካየን ትክክል ነው፣ ሁለቱ የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው። ግን የመጀመሪያ ጥያቄው ጥገኛ ዝንቦችን በሙሉ የሚመለከት ነበር። ደግሞ ቁጥር 3ም ቁጥር 5ም ያመጡት ታኪኒድ ነው፤ እነሱን ሳይመልስ ነው ያለፋቸው። ቁጥር 15 ይህንኑ ሲነግረው እርስዎ የሚለውን ትቶ አንተ አለው። ከዚያ ወዲያ ክሩ ውስጥ እርስዎ የሚል የቀሩት እመቤት ቁጥር 3 ብቻ ናቸው።

ቁጥር 16 ነገሩን ለማብረድ የገባ ሰው ነው፤ ግን እሳት ላይ ጋዝ ጨመረ። በ1990 አባጨጓሬ የበላው የበቆሎ ቅጠል ሽታ እየለቀቀ የአባጨጓሬውን ጠላት እንደሚጠራ መታወቁን ጠቀሰ። ቁጥር 17 ጥናቱ የተርብ ጥናት መሆኑን፣ የክሩ ባለቤት ከመጀመሪያው የተናገረውም ይህንኑ እንደሆነ በአሽሙር አስታወሰው። ለአፍታ የክሩ ባለቤት ያሸነፈ መሰለ።

ቁጥር 18 ያንን ድል በጸጥታ ወሰደው። በቆሎውንም አባጨጓሬውንም ሳይለቅ ተርቧን በታኪኒድ ተካት። ኤግዞሪስታ ጃፖኒካ የምትባል ዝንብ አለች። አባጨጓሬ እየበላው ያለ በቆሎና ጤነኛ በቆሎ ሲቀርብላት ወደ ተበላው ታደላለች። ሽታው ደግሞ ከአረንጓዴ ቀለም ጋር አብሮ ሲቀርብ ከሌላ ቀለም ይልቅ ይስባታል። ለእኔ የክሩን ጠብ የፈታው ይህ ነው። ዓይን ወይስ አፍንጫ ብሎ መከራከር ትርጉም አጣ። ከሩቅ ሽታው ወደ ሰፈሩ ያመጣታል። ቀለሙ ተክሉ ላይ ያሳርፋታል። ቅርብ ስትሆን የሚንቀሳቀስ ነገር ዓይኗን ይይዛል። ከዚያ በእግሮቿ ትዳስሳለች፤ እግሯም ኬሚካል ይቀምሳል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ልትሄድ ትችላለች።

ቁጥር 19 አያይዞ የባሰችዋን አመጣ፤ ተጠቂዋን አጠገቡ ደርሳ የማታየዋን። ሳይዜኒስ አልቢካንስ የክረምት እሳት እራት የተባለችውን ነፍሳት አባጨጓሬ ታጠቃለች። ግን አባጨጓሬው ላይ እንቁላል አትጥልም። አባጨጓሬ የነካካው ቅጠል ላይ፣ ከቁስሉ ጠርዝ ዳር፣ እጅግ ደቃቅ እንቁላሎቿን ትበትናለች። አባጨጓሬው ቅጠሉን ሲበላ እንቁላሉን አብሮ ይውጠዋል። እጩ የሚፈለፈለው ሆድ ውስጥ ነው። ታዲያ ቦታውን የሚነግራት ምንድን ነው? የተበላው የኦክ ዛፍ ቅጠል የሚያወጣው ቦርኒዮል የተባለ ኬሚካል ይስባታል። ቅጠሉ ላይ ስታርፍ ደግሞ ከቁስሉ የሚወጣው ስኳርነት ያለው ፈሳሽ እንቁላል እንድትጥል ያደርጋታል። ገዳይና ሟች ሳይተያዩ ነገሩ አለቀ። የክሩ ባለቤት ለዚህኛው መልስ አልሰጠም።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። ቁጥር 20 ጼጼ ዝንብም በከብት ትንፋሽ ትሳባለች አለና ስለ ወጥመድ ሰፊ ማብራሪያ ጻፈ። ኦክቴኖልና አሴቶን ጼጼን እንደሚስቡ እውነት ነው። ግን ጼጼ ደም ጠጥታ የምትሄድ እንጂ ነፍሳት ውስጥ የምታድግ አይደለችም፤ ቁጥር 21 አረመው። ቁጥር 22 ንብ አናቢ ነው፤ ፎሪድ ዝንብ ንብንም እንደምትይዝ ሰምቶ ተጨንቋል። እውነቱን ነው። አፖሴፋለስ ቦሪያሊስ የምትባለው ዝንብ የማር ንብን እንደምታጠቃ በ2012 ከካሊፎርኒያ ተዘግቧል። የተያዙት ንቦች በሌሊት ከቀፏቸው ወጥተው ወደ መብራት ይሄዱና እዚያው ይሞታሉ። ሰውየው እንዴት እንደሚከላከል ሦስት ጊዜ ጠየቀ፣ ሦስት ጊዜም ማንም አልመለሰለትም። እንዲህ ያለ ነገር ያናድደኛል።

ንብ ከተነሳ ዘንድ ብሎ ቁጥር 23 አበባ ይዞ መጣ። ሴሮፔጂያ ሳንደርሶኒ የተባለች አበባ የምትለቀው ሽታ የተጠቃች ንብ ከምትለቀው ጋር ይመሳሰላል። ሸረሪት የያዘችውን ንብ አብረው ለመላስ የሚሮጡ ጥቃቅን ዝንቦች አሉ። ሽታውን ተከትለው ሲመጡ ንብ የለም፣ አበባው ውስጥ ይታሰራሉ፣ የአበባ ዱቄት ተሸክመው ይለቀቃሉ። በ2016 የታወቀ ነገር ነው። ዝንቦቹ ጥገኛ ሳይሆኑ የሰው ማዕድ ላይ ሳይጠሩ የሚቀመጡ ናቸውና ከርዕሱ ወጥቷል። ግን አንድ ነገር አስይዟል፤ ሽታው ብቻውን በቂ ካልሆነ አበባዋ ማንንም ማታለል ባልቻለች ነበር። ቁጥር 3 ተመልሰው መጥተው ይህንን አመሰገኑ።

ሁለተኛው ጠብ የተነሳው ቁጥር 25 ላይ ነው። ሽታው እንዲህ ከሠራ ለምን ተሠርቶ እርሻ ላይ አይረጭም? ዝንቦቹ ራሳቸው መጥተው ተባዩን ይጨርሱት። ቁጥር 26 በሐሳቡ ጮቤ ረገጠ። የአገዳ ቆርቁር የተባለውን ተባይ የምታጠቃውን ሊክሶፋጋ ዲያትራኤን አነሳ፤ ቆርቁሩ አገዳው ውስጥ ተደብቆ ሳለ ኩሱን ከቀዳዳው ወደ ውጭ ይገፋል። ዝንቧ ኩሱን ስታሸት ሕያዋን እጮቿን ከቀዳዳው አፍ ላይ ትጥላለች፣ እነሱም ወደ ውስጥ እየተሳቡ ተባዩን ያገኙታል። ተደብቄያለሁ ያለው ተባይ በገዛ ኩሱ ተያዘ። ለሸንኮራ አገዳ መከላከያ ተብላ የምትራባ ዝንብ ናት።

ቁጥር 27 ጮቤውን አስቆመው። ኮምፕሲሉራ ኮንሲናታ የተባለችው ታኪኒድ በ1906 ወደ አሜሪካ የገባችው አንድን ደን አጥፊ የእሳት እራት ለመዋጋት ነበር። ዝንቧ ግን ያገኘችውን ትይዛለች፤ ከ180 በላይ የነፍሳት ዝርያዎች ውስጥ እንደምታድግ ታውቋል። ሴክሮፒያ የተባሉትን ትልልቅ የአገሩን የሐር እሳት እራቶች ክፉኛ እንደምትጎዳ በ2000 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ቁጥር 28 ይህን ፍርሃት የሳይንስ ጠላቶች ወሬ ብሎ ሰደበው። ቁጥር 27ም አልተኛለትም። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ተሞላለጩ፤ አላነሳውም።

ከስድቡ መሐል የተረፈው የቁጥር 31 ነው፣ ማንም ያላደነቀው። ኮምፕሲሉራን ከሳይዜኒስ ጋር አስተያየ። ሁለቱም ታኪኒድ ናቸው፣ ሁለቱም ተባይ ይዋጉ ተብለው ባሕር ተሻገሩ። ሳይዜኒስ በ1950ዎቹ ኖቫ ስኮሺያ ገብታ የክረምት እሳት እራቱን አበረደች፤ ከ2005 ጀምሮ ማሳቹሴትስ ላይም ተለቃለች። ጎረቤት ነፍሳትን አልጨረሰችም። ልዩነቱ የደግነት ወይም የክፋት ሳይሆን ዝንቧ የምትታዘዝለት ምልክት ስፋት ነው። የተለየ ቅጠል የተለየ ቁስል የሚጠብቅ ዝንብ ክልሏ ጠባብ ነው። የሚንቀሳቀስ አባጨጓሬ ሁሉ የሚበቃት ዝንብ ክልል የላትም። ስለዚህ አንዲት ዝንብ ከመለቀቋ በፊት የሚመረመረው ምን ያህል እንደምትገድል ብቻ ሳይሆን በምን እንደምትመራም መሆን አለበት። ለእኔ ከክሩ ሁሉ ውስጥ ሥራ ላይ የሚውለው ሐሳብ ይህ ነው።

ቁጥር 32 ቀለል ያለ ጥያቄ ጠየቀ። ክሪኬቶቹ ዝም ማለት ከቻሉ፣ ጉንዳኖቹና ትኋኖቹ ለምን ሽታቸውን አያቆሙም? ብዙ ሰው ሞከረው። የተሻለው ቁጥር 33 ነው። ዝም ያለ ክሪኬት ዘፋኝ ባለበት አካባቢ ተጠግቶ፣ በሰው ዘፈን የምትመጣውን ሴት ይጠብቃል። አደጋ መጣ የማይል የጉንዳን ጎጆ ግን ሌላ ጠላት ይበላዋል። ጥሪ የማይልክ ትኋንም ሴት አያገኝም። ጎረቤትህ ስልኩን ግድግዳ ጠግቶ ሲያወራ ብትሰማው፣ ስለሰማኸው ስልክ መደወል አይተውም። እኔ በዚህ ላይ ትንሽ እጨምራለሁ። የሽታው መጠን፣ የሚለቀቅበት ሰዓት፣ የኬሚካሎቹ ድርሻ ሊቀያየር ይችላል። ዝም እና መጮህ ብቻ አይደለም ያለው ምርጫ።

ቁጥር 34 ወንዶቹ ዝንቦችስ ምን ያደርጋሉ ብሎ ጠየቀ። እንቁላል አይጥሉ፣ ጉንዳን አይነኩ። ቁጥር 9 ተመልሶ መለሰለት። ሱዳክቲዮን ትራይከስፒስ ላይ ወንዶቹም የጉንዳኑን ሽታ ተከትለው ይመጣሉ። ሴቶቹ ወደዚያ እንደሚመጡ ስለሚታወቅ እዚያው ጉንዳኖቹ ላይ አንዣብበው ይጠብቃሉ፣ እዚያው ይጣመራሉ። ሱዳክቲዮን ኩርቫተስ በሚባለው ዘመዷ ግን ወንዶቹ ጉንዳኑ ዘንድ አይታዩም። ቁጥር 35 ታዲያ የኩርቫተስ ወንዶች ሴቶቹን የት ያገኟቸዋል ብሎ ጠይቋል፤ እስካሁን መልስ አልተጻፈበትም።